ጸበልና የጭንቀት መድኃኒት፦ በአንጎላችን ውስጥ ምን ይከናወናል?

በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በጎርጎራ፣ በደንገል ታንኳ ተቀምጦ መረቡን የሚጥል ዓሣ አጥማጅ ማዕበልና ጉማሬ ምን እንደሆኑ ጠንቅቆ ያውቃል። ውኃው በአጠገቡ በድንገት ሲናወጥ ልቡ ይመታል፤ ትንፋሹ ያጥራል፤ አፉ ይደርቃል፤ ክንዱ ግን ከወትሮው ይልቅ በርትቶ ታንኳውን ወደ ዳር ይገፋል። ይህ ፍርሃት ጠላቱ አይደለም። ፈጣሪ ሕይወቱን እንዲጠብቅለት በሰውነቱ ውስጥ ያኖረለት ዘበኛ ነው። ይኸው ሰው ግን በሌሊት በገዛ መደቡ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ ጉማሬም ማዕበልም በሌለበት፣ ልቡ ልክ እንዲሁ ቢመታና «አሁን መሞቴ ነው» ብሎ ከእንቅልፉ ቢነሣ፣ ይህም በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢደጋገምበት፣ ወዴት ይሄዳል?

አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ካህኑ ነው። ይህም ተገቢ ነው። የጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሐይቁ ዳር ቆማ ሕዝቡን ስትባርክ ኖራለች፤ የማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳምም ሩቅ አይደለም። የአእምሮ ሐኪም የሚሻ ሰው ግን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መድረስ ይኖርበታል፤ መንገዱ በሰላም በማይታለፍበት ቀን ደግሞ ይህም አይቻልም። ስለዚህ የንስሓ አባት፣ የጸበል አገልጋይና ቤተሰብ ስለዚህ ሕመም የሚያውቁት ነገር የሕሙማኑን ዕጣ እስከ መወሰን ይደርሳል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም በዚህ ምክንያት ነው። በተለይም በጸበል ሥፍራ ደጋግሞ የሚፈጠርና ጉዳቱ ከባድ የሆነ አንድ ስሕተት አለ፤ እርሱን ለመረዳት ግን አስቀድመን ስለ አንጎል ጥቂት ማለት ይኖርብናል።

ዘበኛውና መልእክተኞቹ

በአንጎላችን ጥልቅ ክፍል፣ በጆሮአችን አንጻር፣ በግራና በቀኝ ሁለት ትናንሽ አካላት አሉ። ቅርጻቸው የለውዝ ፍሬ ስለሚመስል ሊቃውንቱ በግሪክ ቋንቋ አሚግዳላ ብለው ሰይመዋቸዋል። (የአሮን በትር ያፈራችውን ለውዝ ማለታችን ነው፤ ኦቾሎኒውን አይደለም።) አሚግዳላ አደጋን አሽትቶ ደወል የሚደውል ዘበኛ ነው። ደወሉ ሲመታ መልእክቱ በነርቮች በኩል ከኩላሊት በላይ ወዳሉት ዕጢዎች ይደርስና አድሬናሊን የተባለው ቅመም ወደ ደም ይለቀቃል። የልብ መምታት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና የሆድ መገላበጥ ሁሉ ከዚህ የሚመጡ ናቸው። ጥቂት ቆይቶ ኮርቲሶል የተባለው ሁለተኛው ቅመም ይከተላል፤ እርሱም ሰውነት ለረጅም ጊዜ በተጠንቀቅ እንዲቆም ያደርገዋል። ግንባራችን ሥር ያለው የአንጎል ክፍል ደግሞ ነገሩን መርምሮ «ይህ ጉማሬ አይደለም፤ ነፋስ ነው» በማለት ዘበኛውን ያረጋጋል። የጭንቀት ሕመም በያዘው ሰው ዘንድ ዘበኛው ፈጥኖ ይደውላል፣ አረጋጊውም ዘግይቶ ይደርሳል ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርሳቸው አይነካኩም። በመካከላቸው እጅግ ጠባብ የሆነ ክፍተት አለ፤ መልእክቱ ያንን ክፍተት የሚሻገረው በኬሚካል ነው። ግሉታሜት የተባለው ኬሚካል ሕዋሳትን ያነቃል፤ ጋባ የሚባለው ደግሞ ያበርዳል። ሁለቱን እንደ መኪና ነዳጅ መስጫና ፍሬን ማየት ይቻላል። ኖራድሬናሊን ንቃትን ይጨምራል። ሴሮቶኒን ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ፍላጎት፣ ከስሜትና ከፍርሃት ጋር የተሳሰረ ብዙ ሥራ አለው። በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን 90 በመቶ የሚሆነው የሚገኘው በአንጎል ሳይሆን በአንጀት ውስጥ ነው፤ «ሆዴ ባባ» የሚለው ሕዝባችን ይህን ሳያውቅ የተናገረው አይመስለንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም ያስፈልጋል። ለብዙ ዓመታት «ጭንቀትና ድብርት የሴሮቶኒን ማነስ ነው» ሲባል ቆይቷል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በአንጎል ውስጥ ያለውን ሴሮቶኒን ለክቶ «አንተ ጭንቀት አለብህ» የሚል የደም ምርመራ የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. የታተመ ሰፊ የጥናቶች ዳሰሳም ድብርት ከሴሮቶኒን ማነስ ለመምጣቱ አስተማማኝ ማስረጃ አለመገኘቱን ገልጿል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች «እንግዲያውስ መድኃኒቱ ከንቱ ነው» ወደሚል ድምዳሜ ደርሰዋል። ይህ ግን አይከተልም። ራስ ምታትን አስፕሪን ስላስታገሠው ራስ ምታት «የአስፕሪን ማነስ» አይሆንም። መድኃኒቱ መጥቀሙ አንድ ጉዳይ ነው፤ ሕመሙ ከምን እንደመጣ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ጭንቀት ከዘር የሚወረስ ድርሻ አለው፤ በልጅነት የደረሰ መከራ፣ ረኃብ፣ ኀዘንና ጦርነትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መካከል የሚኖር ሰው ቢፈራ ዘበኛው ተበላሽቷል አንልም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ዘበኛው ያለ ዕረፍት ለወራትና ለዓመታት ሲደውል ግን ኮርቲሶል ራሱ የማስታወስና የማረጋጋት ኃይልን ይጎዳል፤ አደጋው ካለፈም በኋላ ደወሉ አልቆም ይላል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች የጭንቀት ሕመም እንደነበረባቸው አስታውቋል። ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው መካከል የሚያገኙት ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ናቸው። በእኛ ሀገር ብዙዎች ሕመማቸውን በዚህ ስም አያውቁትም፤ «ጨጓራ ነው»፣ «ልቤን ነው» እያሉ ከአንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው ይዞራሉ። በአንጻሩ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራም ልብን ያስመታል፤ ያስልባል፤ እንቅልፍ ይነሣል። የደም ማነስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሐኪም አስቀድሞ እነዚህን ቢመረምር ነገሩን ማዘግየቱ አይደለም።

መድኃኒቶቹ እንዴት ይሠራሉ?

ለጭንቀት ዘወትር የሚታዘዙት መድኃኒቶች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉት ናቸው። እነዚህ በሕዋሳት መካከል የተለቀቀው ሴሮቶኒን ቶሎ ተመልሶ እንዳይወሰድ ይከላከላሉ። ይህ ሥራቸው በተወሰዱ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ ሕመምተኛው እፎይ የሚለው ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ምክንያቱም የሚፈውሰው የኬሚካሉ መጨመር ብቻ ሳይሆን አንጎል ለዚያ ጭማሪ ቀስ በቀስ ራሱን ማስተካከሉ ነው። ዘር በተዘራ ማግሥት እንደማይታጨድ ማለት ነው። ችግሩ በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሳምንታት መድኃኒቱ መረበሽን፣ ማቅለሽለሽንና የእንቅልፍ ማጣትን ሊጨምር መቻሉ ነው። ይህ ያልተነገረው ሰው «መድኃኒቱ አባሰብኝ» ብሎ ጥቅሙን ሳያይ ይተወዋል።

ሁለተኛዎቹ እንደ ዳያዜፓም ያሉት ናቸው። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው መድኃኒት ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960፣ ዳያዜፓም ደግሞ በ1963 ነው። የጋባን ማለትም የፍሬኑን ኃይል በማጠንከር እንደሚሠሩ የታወቀው ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ያረጋጋሉ። አደጋቸውም ከዚሁ ይመጣል፦ ለሳምንታት ያለማቋረጥ ሲወሰዱ አንጎል የራሱን ፍሬን ይለቅና በክኒኑ ላይ ይደገፋል። ስለዚህ ሐኪሞች ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዲወሰዱ ይመክራሉ። ከመጠጥ ጋር ሲወሰዱ ደግሞ ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊደርሱ ይችላሉ።

አረቄም የሚያረጋጋው በዚሁ በጋባ በኩል ነው። ጭንቀቱን በመጠጥ የሚያስታግሥ ሰው ማምሻውን ይረጋጋል፤ ንጋት ላይ ፍሬኑ ይላላና ከትናንቱ የባሰ ጭንቀት ይይዘዋል፤ ያንንም በሌላ መለኪያ ያስታግሣል። ጫት በተቃራኒው ነዳጁን ይጨምራል፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ንቃትን የሚቀሰቅሱትን ኬሚካሎች ያስለቅቃል፤ በባሕር ዳር ዙሪያ እርሻው መስፋፋቱን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቡና ግን ሌላ ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ የዘጌ ሰው በእኛ ቃል ቡናውን አይተውም፤ ብንመክርም አንሰማም። ልቡ በሌሊት የሚመታበት ሰው ግን ቢያንስ የማታውን ቢተው ልዩነቱን ራሱ ያየዋል።

በጸበል ሥፍራ የሚፈጠረው ስሕተት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። አንድ ምእመን ለስምንት ወራት መድኃኒቱን ሲወስድ ቆይቶ ተሽሎታል እንበል። በዐቢይ ጾም ወይም በአንድ ታላቅ በዓል ሰሞን ወደ ጸበል ይወርዳል። አንድ ሰው «ክኒን እየዋጥህ እምነትህ የታለ?» ይለዋል። እርሱም መድኃኒቱን በአንድ ቀን ያቋርጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ራሱ ይዞርበታል፤ በጭንቅላቱ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ንዝረት ይሰማዋል፤ ቅዠት ይበዛበታል፤ ያለቅሳል፤ ይቆጣል። ዳያዜፓም ወይም መሰሉን ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የነበረ ከሆነ ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤ ወድቆ እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠውም ይችላል። በዙሪያው ያሉት ሰዎች «ተገለጠበት፤ ጮኸ» ይላሉ። የሆነው ግን አንጎሉ የለመደውን መድኃኒት በድንገት ማጣቱ ነው። ብዙ ሲጠጣ ኖሮ በጸበል ሥፍራ አረቄውን በአንድ ቀን የተወ ሰውም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይንቀጠቀጣል፤ የሌለ ነገር ያያል፤ ያለ ሕክምና ከተተወ ሊሞት ይችላል። መጠጥን መተው መልካም ነው፤ በዚያ ሁኔታ ግን ያለ ሐኪም መተው ሕይወትን ያሳጣል።

ይህን ስንል ርኩስ መንፈስ የለም፣ ጸበልም አይፈውስም ማለታችን አይደለም። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ሁለቱንም ታስተምራለች፤ ግሽ ዓባይን በመሰሉ የጸበል ሥፍራዎች እግዚአብሔር ያደረገውን ሕዝቡ ያውቃል። ነገር ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ቁጥር 24 ወደ ጌታችን ከመጡት ሕሙማን መካከል አጋንንት ያደሩባቸው ሰዎች ከሌሎች በሽተኞች ተለይተው ተጠቅሰዋል። ወንጌሉ የለየውን እኛ ልናቀላቅል አይገባንም። መንፈስን መለየት ጸጋ ነው፤ ለሁሉም የተሰጠ አይደለም።

አባቶቻችንም ሕክምናን ከእምነት ጋር አላጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረውም፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣውም እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል፤ ጸሎትንና ሐኪምን በአንድ ምክር ውስጥ አስተባብሮ ያስቀምጣል። በመጽሐፈ ጦቢት ደግሞ መልአኩ ቅዱስ ሩፋኤል ራሱ ጦብያን የዓሣውን ሐሞት እንዲያስቀምጥ አዝዞታል፤ የአባቱም ዓይን በእርሱ በርቷል። ለጣና ዳር ሰው ይህን ታሪክ መተርጎም አያስፈልግም፤ መልአክ በአጠገቡ ቆሞ ሳለ ከዓሣ የተገኘ መድኃኒት አልተናቀም። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስም ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት ሕክምናን ከእግዚአብሔር የተሰጠ ጥበብ አድርጎ አስተምሯል፤ በቂሣርያም ሕሙማን የሚታከሙበትን ቦታ አቋቁሟል።

በሀገራችንም ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን መሠራጨት በጀመረበት ዘመን ብዙዎች በእንጦጦ ጸበል ሲጠመቁ መድኃኒቱን ያቋርጡ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም በይፋ አስተማሩ። ያ ትምህርት የብዙዎችን ሕይወት እንዳተረፈ እናምናለን። በአእምሮ ሕክምናም በኩል በዚያው በእንጦጦ ሐኪሞችና የጸበል አገልጋዮች ተባብረው ሕሙማንን የረዱበት ሥራ ተከናውኗል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2021 በጥናት ታትሟል። ሕሙማኑ ከጸበሉ ሳይለዩ፣ አጥማቂውም ሳይቃወም መድኃኒት መውሰድ መቻላቸው በተግባር ታይቷል። ለረጅም ዘመን የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል ሊሸከመው የማይችለውን ሸክም ከፊሉን እንዲህ ያለ መተባበር ሊያቀልለት ይችላል። በጣና ዳር ለምን አይሞከርም?

ጸሎትስ?

ጸሎት ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገር ነው እንጂ ነርቭን ማረጋጊያ ዘዴ አይደለም። ይሁን እንጂ የሚጸልየው ነፍስ ብቻ አይደለም፤ ሥጋም አብሮ ይሰግዳል፤ ይተነፍሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት የጣልያን ተመራማሪዎች በመቁጠሪያ የሚደገም ጸሎት ትንፋሽን በደቂቃ ወደ ስድስት ያህል እንደሚያዘገየው አግኝተዋል፤ ቀስ ያለ ትንፋሽም የልብ ምትን ያረጋጋል። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ሲባል ድምፁ በጋራ ሲወጣና ሲወርድ የሰማ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ክኒን ሳይኖር በንግግር ብቻ የሚሰጥ ሕክምናም አለ፤ ሰውየው የሚፈራውን ነገር በባለሙያ እየተረዳ ደረጃ በደረጃ እንዲቀርበው ያደርጋል። እንዲህ ያለ ሕክምና የወሰዱ ሰዎች አሚግዳላ ለፍርሃት የሚሰጠው ምላሽ መቀነሱ በአንጎል ምስል ታይቷል። ቃልም አንጎልን ይለውጣል ማለት ነው።

በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ሞትን በተመኘ ጊዜ እግዚአብሔር ወዲያው አልገሠጸውም፤ አስተኛው፤ በመልአኩ እጅ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ እንደገናም አስተኛው፤ ዳግመኛም መገበው። ያናገረው ከዚያ በኋላ በኮሬብ ነው። ኮሬብ ማለት ደብረ ሲና ነው፤ የጎርጎራዋ ደብር ስሟን የወሰደችበት ተራራ። የፈራን ሰው «እምነት አጥተህ ነው» ብሎ ከመናገር በፊት እንቅልፍና ምግብ ማግኘቱን መጠየቅ ከዚህ የተማርነው ሥርዓት ነው።

ለንስሓ አባቶችና ለቤተሰብ

ወደ ጸበል የሚመጣን ሕመምተኛ አስቀድሞ «የምትወስደው መድኃኒት አለ? መጠጥስ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መድኃኒት ካለው እየወሰደ ይጠመቅ። አብዛኞቹ እነዚህ መድኃኒቶች በቀን አንድ ጊዜ ስለሚወሰዱ፣ በጾም ወራት ሰዓቱን ከቅዳሴ በኋላ ወይም ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ሕመሙ ለጠናበት ሰው ጾሙ እንዲቀልለት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይፈቅዳል፤ ይህን የሚወስነው የንስሓ አባት ነው፤ ሕመምተኛው በራሱ ላይ ሊጨክን አይገባውም። መድኃኒቱን መተው የሚቻለውም ከተሻለው በኋላ ቢያንስ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ቆይቶ፣ በሐኪም ምክር፣ መጠኑ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ተፈውሻለሁ የሚል ሰው ቢኖርም ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ ይመርመር፤ ጌታችንም ያነጻቸውን ለምጻሞች ራሳቸውን ለካህን እንዲያሳዩ ልኳቸዋል።

በጸበል ሥፍራ ሕመምተኛን በሰንሰለት ማሰር፣ መምታትና በረኃብ ማድከም ዘበኛው ከዚያ የበለጠ እንዲደውል ከማድረግ በቀር የሚሰጠው ፈውስ የለም። ራሱን ስለ ማጥፋት የተናገረ ሰው ሲገኝ ደግሞ ለብቻው አይተው፤ መድኃኒቱን ቤተሰብ ይያዝለት፤ በዚያው ቀን ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ካህኑ አብሮት ቢሄድ ደግሞ ሕመምተኛው ለሐኪሙ ሊናገር የፈራውን ለመናገር ይደፍራል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።